የመድፍ ገንዘብ፦ ዙፋን ያጣው ንጉሥ ሳንቲሞች

ዳግማዊ ጄምስ በ1688 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ፈረንሳይ ሲሸሽ፣ የእንግሊዝን ዙፋን የያዙት የገዛ ልጁ ሜሪና ባሏ ዊልያም ነበሩ። ጄምስ ግን ዘውዱ የኔ ነው ማለቱን አልተወም። በማርች 1689 የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ድጋፍ ይዞ አየርላንድ፣ ኪንሴል ወደብ ላይ ወረደ። ደብሊን በክብር ተቀበለችው። ለሠራዊቱ የሚከፍለው ወርቅና ብር ግን በእጁ አልነበረም።

በጁን 18 ቀን 1689 በወርቅና በብር ፈንታ ሌላ ሳንቲም እንዲቀረጽ አዋጅ ወጣ። ያረጁ መድፎች፣ ደወሎችና የወጥ ቤት ዕቃዎች እየተሰበሰቡ ቀለጡ። ፈረንሳይም አሮጌ መድፍ በመርከብ ላከችለት። ይህ ከመዳብ ጋር ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበት ብረት መጀመሪያ በደብሊን፣ ኋላም በሊመሪክ ተቀርጾ ስድስት ፔኒ፣ ሽልንግና ግማሽ ክራውን ሆነ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ «የመድፍ ገንዘብ» የሚሉት ይህንን ነው።

የሳንቲሙ ልዩ ነገር ከጀርባው ነው። ዘውዱና የተጠላለፉት ሁለት በትረ መንግሥት መሐል ላይ፣ ዓመቱ ከላይ፣ ከታች ደግሞ ወሩ ተቀርጿል። ጄምስ ዙፋኑን ሲመልስ ሳንቲሙን በወርቅና በብር እንደሚለውጥ ቃል ገብቶ ነበር፤ ወሩም ክፍያው በየተራው እንዲፈጸም ታስቦ የተጻፈ ነው ይባላል። ንጉሡ ዕዳውን ቀን ቆርጦ መዳብ ላይ ጻፈው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጄምስ ከዊልያም ጋር ያደረገውን ጦርነት ከጁን 1689 እስከ ኦክቶበር 1690 ወር በወር በመዳፍ ላይ መደርደር ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጥ ሌላ የድሮ ሳንቲም እምብዛም አይገኝም።

ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ወር ላይ ነው። «ጃንዋሪ 1689» የሚል ሽልንግ ያገኘ ሰው የስብስቡ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚያ ጃንዋሪ ግን ጄምስ አየርላንድን ገና አልረገጠም። በጊዜው የእንግሊዞች ዘመን መለወጫ ማርች 25 ስለነበር፣ ያ ሳንቲም በዛሬው አቆጣጠር የ1690 ነው። ዓመቱን በመስከረም ለሚቀይር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የማርቹ ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ አንድ ወር «ማርች 1689» እና «ማርች 1690» የሚሉ ሳንቲሞች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል።

በ1690 ብረቱ እያጠረ ሲሄድ ሳንቲሞቹ አነሱ። ትልልቆቹ ግማሽ ክራውኖችም ተመልሰው መቅረጫ ገቡና ንጉሡ በፈረስ ላይ የሚታይባቸው ሙሉ ክራውኖች ሆነው ወጡ። ሠላሳ ፔኒ የነበረው ብረት፣ አንዲት ግራም ሳይጨመርበት ስድሳ ፔኒ ተባለ። ከእነዚህ አንዱን ወደ ብርሃን ዘንበል ላደረገ፣ ከፈረሱ ሥር የቀድሞው ጽሑፍ ርዝራዥ አንዳንዴ ይታያል። የዚያን መንግሥት ጭንቀት ከየትኛውም ሰነድ በላይ የሚናገር ምልክት ነው።

ጭንቀቱን የተሸከመው ግን ሕዝቡ ነበር። ነጋዴው ሳንቲሙን አልቀበልም ቢል ይቀጣል፤ ንጉሡ በበኩሉ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በዚህ ገንዘብ እንዳይከፈለው በዚያው አዋጅ ከልክሏል። ይህ በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በጁላይ 1690 ጄምስ በቦይን ወንዝ ድል ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ዊልያም ደብሊን እንደገባ ክራውኑንም ትልቁን ግማሽ ክራውንም እያንዳንዳቸውን አንድ ፔኒ አደረጋቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጨርሶ ሻራቸው። በከበባ ውስጥ የነበሩት የሊመሪክ ሰዎች በ1691 አሮጌዎቹን ሽልንጎች እንደገና ቀርጸው የግማሽ ፔኒና የሩብ ፔኒ ሳንቲም አደረጓቸው። «ሂበርኒያ» በሚለው የአየርላንድ የላቲን ስም ላይ ያለው አንዱ ፊደል በእነዚህ ላይ ተገልብጦ ይነበባል።

ጄምስ በ1701 በስደት ሲሞት ቃሉ አልተከፈለም ነበር። ሳንቲሞቹ ብዙ ስለተቀረጹ፣ ያረጀ ሽልንግ ዛሬም ለጀማሪ የማይከብድ ዋጋ አለው። መሰብሰብ የሚሻ አንባቢ ከሁሉ በፊት ወሩ በግልጽ የሚነበበውን ይምረጥ፤ በእጁ ከገባ በኋላም በአሸዋም ሆነ በሎሚ አይወልውለው፤ ጥቁሩ ሽፋን ከተፋቀ አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።