ደመወዝ የሌለው እርጅና፦ የአረጋውያን የሕግ ጥበቃ ታሪክ ከአብደራፊ አንጻር

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። የሕክምና ባለሙያዎች አካባቢውን በይበልጥ የሚያውቁት በወባ፣ በካላ አዛርና በእባብ ንድፊያ ሲሆን፣ ሕመምተኛ ሲባልም ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወጣቱ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከወረዱት መካከል ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ እዚያው ያረጁ አሉ። ሕጉ ለእነዚህ ወገኖች ያቆየላቸው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት የሕጉን ጉዞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይገባል።

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የተገኘ ነው። በባህላችን ወላጅን መጦር የልጅ ግዴታ ነበር፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃትም ይህንኑ ያስረዳል። አዋጅ ቁጥር 209/1955 ይህን ግዴታ ወደ መንግሥት አሸጋገረ፤ ነገር ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር። ገበሬው፣ የቤት ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው በልጅና በዘመድ ላይ እንደተጣሉ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ1982 በቪየና የተካሄደው የዓለም የአረጋውያን ጉባኤ እርጅናን የመንግሥታት የጋራ ጉዳይ አደረገው። በሀገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ደነገገ። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ተስፋውን ሰጥቶ ጊዜውን ሳይወስን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2002 የማድሪድ የተግባር ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚቆይ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ተዘጋጀ።

ስለ አረጋውያን የሚሟገቱ ወገኖች መንገድ ሁልጊዜ የተመቻቸ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብአዊ መብት ሥራ አገደ። እርዳታ ማከፋፈል ተፈቀደ፤ መብትን መጠየቅ ግን ተከለከለ። ይህን ሕግ የሻረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቀደ።

በዚህ መካከል አዋጅ ቁጥር 715/2003 ጡረታን ለግል ድርጅት ሠራተኞች አሰፋ፤ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የተሰማሩትም በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፈተ። ሆኖም መዋጮው የሚሰላው በወር ደመወዝ ነው። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው እርሻ የሚውል አጫጅ በዚያ በር መግባቱ እጅግ አዳጋች ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔትም ለጉልበት አልባ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ቢሰጥም፣ የተወጠነው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ነበር። በሰሊጥ ምርቱ የሚታወቀው ቆላ በሀብታምነቱ ይቆጠራል፤ የምርቱ ባለቤትና አጫጁ ግን አንድ ሰው አይደሉም።

ሌላው እንቅፋት የዕድሜ ማስረጃ ነው። አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ሲሆን፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ ለሐኪሙም ቁም ነገር ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋ የካላ አዛር ሕሙማን ላይ የአንቲሞኒ መድኃኒት ጉዳቱ ስለሚበረታ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ይመረጣል። ስለዚህ በሕመምተኛው ካርድ ላይ በግምት የሚጻፈው ቁጥር ሕክምናውንም መብቱንም ይነካል።

የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2024 በሥራ ላይ ውሏል። አህጉራዊው ሰነድ ወደ ቆላው እንዲደርስ ግን በባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤትም ድርሻ አለው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ማኅበራዊ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ተሰጥቷቸዋልና። በዚያ ምክር ቤት ፊት የጡረተኞች ማኅበር ስለ ጡረተኛው ይናገራል። ጡረታ ስለሌለው አረጋዊ ሊመሰክር የሚችለው፣ የደከመ ገላውን በየዕለቱ የሚመረምረው የሕክምና ባለሙያ ነው። ሕጉ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያላገኘውን ሰው የጤና ጣቢያው መዝገብ ያውቀዋል።