ካልሲየም ፎስፌት ለአጥንት ጥገና

ካልሲየም ፎስፌት ካልሲየምና ፎስፌት የያዙ ውሁዶች የጋራ ስም ነው። በሕክምና፣ በከባድ ስብራት፣ በዕጢ ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት አጥንት ላይ የተፈጠረን ክፍተት ለመሙላት ያገለግላል። ከአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የዚሁ ቤተሰብ ማዕድን ስለሆነ ሰውነት በቀላሉ ይቀበለዋል።

አሠራር
ቁሱ አዲስ አጥንት የሚያድግበት መደገፊያ ነው። ከ100 ማይክሮሜትር በላይ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎቹ የደም ሥሮችና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ይገባሉ።

ዓይነቶች
• ሃይድሮክሲአፓታይት፦ የካልሲየምና የፎስፈረስ ምጥጥኑ 1.67 ነው። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ለዓመታት ይቆያል። ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያዎችን ለመለበጥም ይውላል።
• ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት፦ ምጥጥኑ 1.5 ነው። ቶሎ ስለሚሟሟ ቦታውን ለአዲስ አጥንት ይለቃል።
• ሲሚንቶ፦ ዱቄቱ ከፈሳሽ ጋር ተለውሶ ክፍተቱ ውስጥ ይጠነክራል።

ታሪክ
አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድ አልቢ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1920 እ.ኤ.አ. ትራይካልሲየም ፎስፌትን በጥንቸሎች ላይ መሞከሩን አሳተመ። ሲሚንቶው በ1980ዎቹ በብራውንና በቻው ተሠርቶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለራስ ቅል ጥገና ተፈቀደ።

ገደብ
ቁሱ ተሰባሪ ስለሆነ እንደ ጭን ባለ ሸክም ተሸካሚ አጥንት ላይ ብቻውን አይበቃም፤ አጥንቱ በብረት መታሰር አለበት። ደም በማይደርስበት ቦታም አዲስ አጥንት አያድግም። በአግባቡ ተገጥሞ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ተራ ስብራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ መሙያ ይድናል።

በኢትዮጵያ
እንደ ጣርማ በር ባሉ ገደላማ የሰሜን ሸዋ አካባቢዎችም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ብዙ ሰው አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ በቀርከሃና በጨርቅ ያስረዋል። እስሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የታሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩን ወዲያው ማላላትና ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። አንዴ የሞተን አካል የትኛውም የአጥንት መሙያ አይመልሰውም።

ጥሬ ዕቃው በአገር ውስጥ አለ። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል ሥጋዊው ክፍል ጠፍቶ ሃይድሮክሲአፓታይት ይቀራል። በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አቅራቢያ በሚገኘው ቢቂላልም ለማዳበሪያ የተጠና የአፓታይት ክምችት አለ። ለሕክምና የሚውል ቁስ ግን ጥብቅ የንጽሕናና የጥራት ምርመራ ይጠይቃል።