የታመመ ሠራተኛና የጡረታው ገንዘብ፤ ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች በመነሣት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የወጣ ነው። መጦር ማለት አቅም ያጣን ሰው፣ በዕድሜም ይሁን በደዌ፣ ማብላትና ማስታመም ነው። በቃሉ ውስጥ የዕድሜ ቁጥር የለም፤ የሸመገለ አባትም፣ በአርባ ዓመቱ አልጋ የያዘ ወንድምም በእኩል ይጦራሉ። ዛሬ ግን ጡረታ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ስድሳ ዓመት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ሁለተኛውን ሰው፣ ማለት ሳይሸመግል በብርቱ ሕመም የተያዘውን፣ በተለይም የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነውን ነው። ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ይደርስለት ነበርን? ምሳሌዎቼን ከሆለታ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች እወስዳለሁ።

አምቦን መነሻ ማድረጌ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዪቱ ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራች፣ በፍል ውኃዋ ምክንያት ሕሙማን ከሩቅ የሚመጡባት ናት። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ማዕድናዊው ውኃ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ስለ ኖረ፣ ከእርሻና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው በአካባቢው ቀድሞ የታየው እዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ለሌላው ጤና ይሰጣል የተባለውን ውኃ ሲያሽግ የሚውለው ሰው ራሱ ሲታመም ምን ይደረግለት ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከሕጉ በፊት የነበረውን በአጭሩ እናልፋለን። ገበሬ ሲደክም ጧሪ ቀባሪ ይሻል፤ ልጅ የሌለው መሬቱን ለሚጦረው ይናዘዛል። በዚህ አገር በኦሮሞው ዘንድ የታወቀው ጉዲፈቻም፣ ከሌላው ጥቅሙ ጋራ፣ ልጅ ያጣ ሰው በድካሙ ዘመን ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ያደርግ ነበር። ለመንግሥት ያገለገለ ወታደርና ሹም በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ መደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። ስለ መደሪያ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የአንዱ ጡረታ የሌላው ጫና ነበረ፤ መሬቱን ያረሰው ጭሰኛ ሲታመም የሚጦረው ማንም አልነበረም። እድርም ቢሆን ሥራው ከሁሉ በፊት ቀብር ነው፤ በሽተኛን የሚረዳ እድር ባይጠፋም የአብዛኛው ደንብ የተጻፈው ለሞተ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመድ ለዘመዱ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ የቆየውን ልማድ በሕግ ቋንቋ አጸናው እንጂ አዲስ ገንዘብ አላመጣም።

አዲሱ ገንዘብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በ1963 በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በዚህ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 4፣ መንግሥት ደግሞ በመቶ 6 እያዋጡ የጡረታ ገንዘብ ተቋቋመ። ተጠቃሚው ግን የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበረ። የነጋሪት ጋዜጣን ቁጥሮች ለተከታተለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ከ209 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 210 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ነው። የመጀመሪያው ለመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሰጠ፤ ተከታዩ ለግል ሠራተኛ መደራጀትንና ከአሠሪው ጋራ መደራደርን ፈቀደ፤ ጡረታን ግን አልሰጠም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ወባ እየታመሙ፣ በሁለት ሕግ ተለያዩ። ይህ ልዩነት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘለቀ።

በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ የግል ድርጅቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ በዚያው ጊዜ በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ሠራተኞቻቸው ወደ ጡረታው ተጠቃለሉ። በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ርዳታ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም በዚሁ ሥር ሆነ። ስለዚህ በደርግ ዘመን በምዕራብ ሸዋ የፋብሪካ ሠራተኛ ማለት ከሞላ ጐደል የመንግሥት ጡረተኛ የሚሆን ሰው ማለት ነበረ። ነገሩ እንደ ገና የተበተነው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ሥራ ሲስፋፋ ነው። በሆለታ ዙሪያ የአበባ እርሻዎች ተቋቋሙ፤ የአምቦ ውኃ ፋብሪካም በ2001 ዓ.ም. ከውጭ ኩባንያ ጋራ በሽርክና ተያዘ።

ጡረታ ያልነበረው የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ዕድል ከገጠመው፣ ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው። ይኸውም አሠሪውና ሠራተኛው በስምምነት በየወሩ የሚያጠራቅሙት ገንዘብ ነው። ጠባዩ ከጡረታ ፈጽሞ የተለየ ነው። በሠራተኛው ስም የተቀመጠ ስለሆነ ከሥራው ሲለይ፣ በሕመምም ቢሆን በሌላ ምክንያት፣ እንደ ፈንዱ ደንብ ጠቅልሎ ይወስደዋል። የታመመ ሰው ዕድሜህ ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ አዲስ አበባ ተመላልሶ በመታከም፣ በመድኃኒት፣ በዕዳ ያልቃል፤ ሚስትና ልጆች ከቀብር ማግስት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. ነው። መዋጮው ቀስ በቀስ አድጎ ሠራተኛው በመቶ 7፣ አሠሪው በመቶ 11 እንዲከፍሉ ተደነገገ። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው እንዲቀጥሉ ምርጫ ተሰጣቸው፤ የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ውጭ ሆኑ። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል፤ ከዚህ በታች የምናገረው ግን ስለ መጀመሪያው ነው።

በ2003ቱ አዋጅ ሕመም ሁለት መንገድ ነበረው። ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ከሆነ የአገልግሎት ዘመን ሳይጠየቅ የጉዳት አበል ወይም ዳረጎት ይከፈላል። ካንሰር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያገኘው ሰው ግን፣ በሕክምና ማስረጃ ለሥራ ብቁ አለመሆኑ ቢረጋገጥም፣ የዕድሜ ልክ የጤና ጉድለት አበል የሚያገኘው 10 ዓመት ካገለገለ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያገለገለ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ዳረጎት በድሮ አነጋገር ጌታ ለአሽከሩ የሚቸረው ነው። ለገዛ መዋጮው ይህን ስም መስጠት የቃል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። አበሉ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመቶ 30 ነበረ፤ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት በመቶ 1.25 ይጨመራል። ደመወዙ ያልተለወጠ፣ ሙሉውን በመቶ 18 ለ10 ዓመት የተዋጣለት ሠራተኛ እናስብ። በስሙ የገባው የ21.6 ወር ደመወዝ ነው። በወር በመቶ 30 እየተቀበለ ይህን ለመጨረስ 72 ወር፣ ማለት 6 ዓመት ይፈጅበታል። ሕመሙ ረጅም ሆኖ ሃያ ዓመት ቢኖር በእጅጉ ይጠቀማል፤ ፕሮቪደንት ፈንድ ይህን ሊያደርግለት ከቶ አይችልም። ሐኪም ከዓመት አታልፍም ያለው ግን የሚያገኘው የ3.6 ወር ደመወዝ ብቻ ነው። እርግጥ ሲሞት ባለቤቱ የአበሉን በመቶ 50፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በመቶ 20 ይወርሳሉ፤ ባለ ትዳር ለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚስትም ልጅም ለሌላት ለሃያ ስምንት ዓመት የአበባ እርሻ ሠራተኛ ግን ምን ይጠቅማታል?

እንግዲህ ሕጉ ለብዙ ዘመን የሚታመመውን አስቦአል፤ ፈጥኖ የሚሞተውን አላሰበም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ የማይቻል አይደለም። በእንግሊዝ አገር የግል ጡረታ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ እንደማይኖር ሐኪም ከመሰከረለት፣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ባንድ ጊዜ መውሰድ ይችላል። እዚያ ገንዘቡ የግሉ ሒሳብ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የእኛ ግን የጋራ ቋት ነው፤ አንዱ ቀድሞ ያወጣው ከሌላው አበል ላይ ይጐድላል። ይህን ክርክር አልንቀውም። ነገር ግን ስለ ጋራ ቋት ከሆነ ከጀርመን የሚቀድም የለም። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የቢስማርክ ሕግ ለእርጅና 30 ዓመት መዋጮ ሲጠይቅ፣ ለሕመምተኛ የጠየቀው 5 ዓመት ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹም ዐሥርት ዓመታት ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ሕመምተኞቹ ጡረተኞች በቁጥር በዝተው ተገኙ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1952 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 102 ደግሞ ከ5 ዓመት መዋጮ በኋላ የተቀነሰ አበል እንዲሰጥ ይላል። ደረጃ ማለት ይህ ነው፤ የእኛው ግን ገደል ነው። በዘጠኝ ዓመት ተኩልና በዐሥር ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በዳረጎትና በዕድሜ ልክ እንጀራ መካከል ያለ ልዩነት ነበረ።

ደግሞም የአገልግሎት ዘመን የተቆጠረው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመሆኑ፣ ሌላ የሚደመር አገልግሎት የሌለው የግል ሠራተኛ 10 ዓመት ሊሞላው የቻለው በሰኔ 2013 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በሆለታም በጊንጪም በሕመም ከሥራ የወጣ እንዲህ ያለ ሰው፣ ሃያ ዓመት ቢሠራም፣ የዕድሜ ልክ አበል የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ያገለገለ ሰው ሁለቱ አገልግሎቶች ስለሚደመሩለት በዚህ ተሽሎ ተገኘ። የ1963ቱ ልዩነት፣ አዋጁ ሊያጠፋው በመጣበት ሰዓት እንኳ፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ለታመመ ሠራተኛ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ አንዱን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱን በግማሽ፣ የቀሩትን ሦስቱን ያለ ደመወዝ። በዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር አገልግሎቱ ላይ የታመመ ሰው ፈቃዱን እስከ መጨረሻው ቢጠቀም፣ ደመወዝ የሌለባቸውም ወራት ቢቆጠሩለት እንኳ፣ ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ዘጠኝ ዓመት ከዐሥር ወር ይሞላዋል።