የከንቲባው ሁለት ሴቶች ልጆች

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ይባል ነበር በአገር ቤት። አባባሉ አጭር ነው፤ የብዙ ትውልድ ሴቶችን ዕድል ግን አስቀድሞ ቆርጦ የሰጠ ነው። ልጅቱ ከመወለዷ በፊት ቦታዋ ታውቋል። ምን ደስ ይልሻል፣ ምንስ መሆን ትመኛለሽ ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት፣ በዱባይም ሆነ በቴል አቪቭ ከሥራ ወደ ሥራ የምትሮጠው ኢትዮጵያዊት ማጀቱን ለቃ ከወጣች ቆይታለች። ጥያቄው ግን አብሯት ተሰዷል። ሥራ የእንጀራ ብቻ ነው ወይስ የልብም ጭምር? የቤተሰብ ምኞትና የራስ ምኞት ሲጋጩስ የቱ ይቅደም?

ይህን ጥያቄ ከታሪክ ጋር አያይዞ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እኅትማማቾችን ሕይወት ቢመለከት ይጠቀማል። አንደኛዋ እንደ ወንዶቹ ወደ ችሎቱ ገቡ። ሁለተኛዋ ከማጀቱም ከችሎቱም ርቀው ሄዱ። እነርሱም ስንዱ ገብሩና የውብዳር ገብሩ ናቸው። የውብዳርን ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም በሚለው የምንኩስና ስማቸው ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አዚናራ

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ዘንድ የተማሩ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መንግሥትን ያገለገሉና የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ስንዱ በጥር 1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም፣ የውብዳር ደግሞ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የመኳንንት ሴት ልጅ ፈትል፣ የቤት አያያዝና ዳዊት ተምራ በጊዜ በምትዳርበት በዚያ ዘመን፣ ከንቲባ ገብሩ ሁለቱን ልጆቻቸውን ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። የውብዳር ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩትም እዚያው ነው። እኅትማማቾቹ እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ዕረፍት ግን አላገኙም። ሁለት ዓመት እንዳለፈ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። ስንዱ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ወደ ምዕራብ ሄደው በጎሬ የጥቁር አንበሳ አርበኞችን ተቀላቀሉ፤ ቁስለኛ በሚረዳው የቀይ መስቀል ክፍልም አገለገሉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተማሩ ኢትዮጵያውያንና በታላላቅ ቤተሰቦች ላይ የወረደው መዓት የከንቲባውንም ቤት አልማረም። ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች ተገደሉ። የተረፉት ተግዘው በሰርዲንያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተወሰዱ። የውብዳር በኋላም ከቤተሰባቸው ጋር በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ መርኮልያኖ ተዛውረዋል። በአውሮፓ የተማሩት ልጆች አውሮፓን ዳግመኛ ያዩዋት እስረኞች ሆነው ነበር።

ወደ ችሎቱ የገቡት

ነፃነት ሲመለስ ወይዘሮ ስንዱ የመረጡት ሥራ መምህርነት ነበር። በደሴ አስተማሩ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በኃላፊነት እንዲመሩ ተሾሙ። ይህ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ከተከፈተ ጀምሮ የሚመራው በውጭ አገር ሰዎች ስለነበር፣ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሲመጣለት ወይዘሮ ስንዱ የመጀመሪያዋ ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉላቸው ነበር። የጠላት ዘመን፣ የአርበኞች ተጋድሎና የአገር ፍቅር የተውኔቶቹ ዋና መልእክት ነበር። ልጃገረዶች መድረክ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገራቸው ራሱ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ተውኔትና ግጥም የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ድርሰታቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከቀደምት ሴት ደራስያን ተርታ የሚያስቆጥራቸውም ይኸው ነው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች በምርጫ እንዲገቡ ፈቀደ፤ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ። ቆየት ብሎ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል።

ይህ ድል ምን ያህል ብቸኛ እንደነበረ ለመረዳት በዚያው ዘመን የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማየት ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስትን ደግሞ ለእርሱ የመታዘዝ ግዴታ ጥሎባት ነበር። ሴት በምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሕግ በምታወጣበት አገር፣ ቤቷ ስትገባ ሕጉ ራሱ ታዘዢ ይላት ነበር ማለት ነው። ያ ድንጋጌ የተሻረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። ከወይዘሮ ስንዱ መመረጥ እስከዚያ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል። አንዲት ሴት በሩን ከፍታ መግባቷ ለሌሎቹ ሁሉ ተከፈተ ማለት አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ወይዘሮ ስንዱ ከፓርላማ በኋላም በመንግሥት ሥራ፣ በምዕራብ ጀርመንም በቦን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

በሩ የተዘጋባቸው

የታናሽ እኅታቸው መንገድ ሌላ ነው። ወይዘሪት የውብዳር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ሙዚቃ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ተማሩ። ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር። የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለነሳቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም አብረው መጥተው የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ መሪ ሆኑ። የውብዳር በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እየሠሩ ልምምዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ትልቁ ዕድል መጣ። በለንደን ሙዚቃ ለመማር በሩ ተከፈተላቸው። ከአገር የመውጫ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። ያን ሁሉ ዓመት የለፉበት ነገር በአንድ ቃል ቆመ።

የውብዳር እህል ውኃ አስጠላቸው። ለ12 ቀን ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የሚሞቱ መስሏቸው ቅዱስ ቁርባን እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ። ከቆረቡ በኋላ ከባድ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲነቁ ልባቸው ጸጥ ብሎ አገኙት። ከዚያም ፒያኖውንም የከተማውንም ኑሮ ትተው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሄደው መነኑ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉት ሴት በአምባው ላይ በጭቃ ጎጆ እየኖሩ ለ10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ሄዱ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። አንዲት ባለ ተሰጥኦ ልጅ ተከለከለች፣ ተስፋ ቆረጠች፣ መነነች፤ አለቀ። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። እማሆይ ጤናቸው ታውኮ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ፒያኖው ፊት እንደገና ተቀመጡ። የተመለሱት ግን የአውሮፓን ሙዚቃ ብቻ ይዘው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በስዊዘርላንድና በካይሮ የተማሩትና በቤተ ክርስቲያን የሰሙት አንድ ላይ ሆኖ ከእጃቸው የሚወጣው ሙዚቃ የማንንም የማይመስል ሆነ። ለንደን ሄደው ቢሆን ኖሮ ጥሩ የአውሮፓ ፒያኖ ተጫዋች ይሆኑ ነበር ይሆናል። በግሸንና በጎንደር አልፈው ግን ራሳቸውን ሆኑ። ይህን ማለት የከለከላቸውን ማመስገን አይደለም። ክልከላው በደል ነበር፤ ከበደሉ ያተረፉት በራሳቸው ጥረት ነው።

በጎንደር አንድ ሌላ ነገርም አገኙ። ድግስና ምጽዋት እየለመኑ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እያደሩ ዜማና ቅኔ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃቸው ብቻ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። በወጣትነታቸው ለራሳቸው የፈለጉት ሙዚቃ በጎልማሳነታቸው ለሌላው መርጃ ሆነ። ምኞታቸው አልሞተም ነበር፤ ሥራ የሚሠራበትን ቦታ አገኘ እንጂ።

እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም፣ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል መኖር ጀመሩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ፒያኖና የኖታ ወረቀት ይበቃቸው ነበር። ዓለም እስኪያስታውሳቸው ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ 21ኛው ቅጽ ለእርሳቸው ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2013፣ 90ኛ ዓመታቸው ሲቃረብ፣ የድርሰቶቻቸው ኖታ በመጽሐፍ ታትሞ በኢየሩሳሌም ኮንሰርት ተደረገ። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽንም ሕፃናት ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል። እማሆይ ጽጌ ማርያም በመጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያችው ከተማ ዐረፉ።

ከሁለቱ ሕይወት የሚገኘው

ሁለቱን እኅትማማቾች ስናወዳድር አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። ሁለቱም የታላቅ ሰው ልጆች ነበሩ። በዚያው ዘመን ውኃ ተሸክማ፣ እህል ፈጭታ የኖረችው ባላገር ተሰጥኦ ይኑራት አይኑራት የጠየቀ የለም። ስንት ስንዱና ስንት የውብዳር በወፍጮ ላይ ጎንብሰው እንደቀሩ እግዚአብሔር ያውቃል። በተከበረው ቤት ውስጥ እንኳ አባት የከፈተው በር በሌላ እጅ ተዘጋ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ስኬት አንድ መልክ ብቻ የሌለው መሆኑ ነው። በስደት ማኅበረሰብ ዘንድ የተሳካላት ልጅ ማለት ነርስ ወይም ሐኪም የሆነች፣ ቤት የገዛች፣ በወግ የተዳረች ናት። ይህ የሚናቅ አይደለም። ቀን ሆቴል፣ ማታ ነርሲንግ ሆም ሠርታ ልጆቿን ያስተማረች፣ አገር ቤት ያሉ ወንድሞቿን የደገፈች እናት የራሷን ምኞት ሳትጠየቅ ወደ ጎን ትታዋለች። ልጇ እንድትደላደል የምትመኘውም ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ስንዱ በሹመት፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም በምናኔ፣ ሁለቱም የእኔ የሚሉትን ሥራ ሠርተው አለፉ። ማንኛቸው ይበልጥ ደስተኛ እንደነበሩ መመዘን አይቻልም፤ ታላቂቱ የታናሺቱን፣ ታናሺቱም የታላቂቱን ኑሮ ብትኖር ግን ሁለቱም ይከስሩ ነበር።

እናትም ብትሆን ዘመኗ አላለፈባትም። እማሆይ ሸክላቸውን ሲያስቀርጹ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ስማቸው በዓለም ሲሰማ ደግሞ 80 አልፈዋል። ልጆች ካደጉ በኋላ የማታ ትምህርት ቤት የምትገባ፣ የራሷን ሱቅ የምትከፍት፣ ያቋረጠችውን ጽሑፍ ከሻንጣ የምታወጣ ሴት አረፈደችም።

ልጅቱን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። አንድ ቀን እራት ላይ «ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ» ወይም «የሕክምናውን ትምህርት ልተወው ነው» ብላ ስትነሳ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ፈቃድ ወይም ክልከላ አይደለም፤ «እስቲ ንገሪን» የሚል ቃል ነው። በካይሮ በቀን 9 ሰዓት ለተለማመደችው ልጅ ያን ቃል ያላት ሰው አልነበረም።