አሮጌ ዕቃ የት ይሸጣል? ከፒያሳ ቤት ስንለቅ የተማርኩት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። አንዳንዴ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ እንደ ዶሮ ማነቂያ ባሉ ሰፈሮች ለአሥርተ ዓመታት የኖሩ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጥተዋል። አክስቴም ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። የዕድሜ ልክ ዕቃ በጥቂት ቀናት ተለይቶ ማለቅ ነበረበት። በኮንዶሚኒየም ደረጃ የማይወጣው ትልቁ ቡፌ፣ የብረት አልጋው፣ ድስቱና ሰፌዱ ሁሉ ደጃፍ ላይ ለቆመ ቆራሌ በአንድ ዋጋ ተሰጠ። «እማማ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ልውሰድልዎት» ሲላቸው እፎይ አሉ። በቡፌው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፎችና የሥራ ማስረጃዎች እንደነበሩ ያስታወሱት በማግስቱ ነው። መርካቶ ድረስ ሄደን ፈለግን፤ አላገኘንም።

ቆራሌው ጥፋት የለበትም፤ የገዛው የሸጥንለትን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። «የት እንሽጥ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ገዢው የሚገዛው የዕቃውን ምኑን ነው?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። ቤት ለሚለቅ ወይም ቤቱን ለሚያራግፍ አንባቢ ይጠቅም እንደሆነ የተማርኩትን እነሆ።

ቆራሌውና ልዋጩ

አራዳ ራሷ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበረች። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ገበያው ወደ ዛሬው መርካቶ እንዲዛወር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የፒያሳ አሮጌ ዕቃ መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው። የዚህ መንገድ መነሻ ቆራሌው ነው። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ እንደመጣ ይነገራል። ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ የተበላሸ ምድጃ ይገዛል፤ የሰበሰበው ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ የመርካቶ ቦታዎች ተፈታትቶና ተጠግኖ ዳግም ይሸጣል። ቆራሌው ዋጋ የሚሰጠው በአብዛኛው ለክብደቱና ለጥሬ ዕቃው ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ለእሱ መሸጥ ትክክል ነው፤ የሚሠራ ማቀዝቀዣን ለእሱ መሸጥ ግን ገንዘብ መጣል ነው። መዳብ፣ ናስና አሉሚኒየም ካለ ከተራው ብረት ለይቶ መደራደር ይበጃል።

ልዋጩ ደግሞ ያገለገለ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ባልዲ፣ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ጥሬ ገንዘብ ለማይጠብቁበት ልብስ ይሆናል። ልብሱ ደህና ከሆነና ችኮላ ከሌለ ግን መለገስ ሳይሻል አይቀርም። እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት ልብስና የቤት ዕቃ ይቀበላሉ።

ጎረቤት፣ ደላላና ስልክ

የሚሠራ ዕቃ የሚሸጠው ለሚጠቀምበት ሰው ነው። የመጀመሪያው ገዢ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ነው፤ የዕቃውን ታሪክ ያውቃል፣ የማጓጓዣ ወጪውም ይቀንሳል። ችግሩ ይሉኝታ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ መናገር፣ ዱቤ ከሆነም ቀኑን መቁረጥ ከኋላ ቅያሜ ያድናል።

ደላላ ገዢ ቶሎ ያመጣል። ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ ግን ዕቃው ከመታየቱ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

ጊዜ ላለው ሰው ጂጂን የመሳሰሉ የማስታወቂያ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች የተሻለ ዋጋ ያስገኛሉ። እዚያ ያለው ገዢ ዕቃዎን ከአዲሱ ዋጋ ጋር ስለሚያስተያይ፣ እርስዎም ቀድመው የአዲሱን ዋጋ ሱቅ ገብተው ይጠይቁ። ጉድለቱን ሳይደብቁ ፎቶ ያንሱ። ትንሽ ዕቃ ከሆነ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይገናኙ። ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክልዎት የገዢውን ስልክ አይተው አይመኑ፤ በራስዎ ሒሳብ መግባቱን ያረጋግጡ። ለቴሌቪዥን፣ ለማቀዝቀዣና ለኮምፒዩተር ቀንና የሁለቱ ወገን ፊርማ ያለበት አጭር የሽያጭ ወረቀት መጻፍ ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል። ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን መረጃ ማጥፋትም አይዘንጋ።

ወርቅ ቤትና ሸክላ

ፒያሳ ራሷ ገበያ የምትሆንበት ዕቃ ወርቅና ብር ነው። የተሰበረ ሐብልም ቢሆን በአንድ ወርቅ ቤት ብቻ አስመዝኖ መሸጥ አይገባም፤ ሁለትና ሦስት ቤት ይጠይቁ።

አሮጌ የሙዚቃ ሸክላም እንደ ቆሻሻ መታየት የለበትም። አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 የመሠረተውን አምሃ ሪከርድስን የመሳሰሉ አሳታሚዎች ያወጧቸው ሸክላዎች፣ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ሕትመት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ በውጭ ሀገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በእጅጉ ይፈለጋሉ። ሽፋኑ ካለ ከሸክላው አይለዩት።

ገበያ የማይወጣው

የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ መስቀልና የመሳሰሉት እንደ ተራ የቤት ዕቃ አይሸጡም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ቢያማክር ይበጀዋል። የድሮ ደብዳቤና ሰነድ ካለ ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወመዘክርን ማነጋገር ይቻላል።

ከሁሉም አስቀድሞ

ዕቃውን በአራት ይክፈሉ፤ የሚሠራ፣ የተሰበረ፣ የሚለገስና የሚቀመጥ። የሚሠራውን ቀድመው ለሽያጭ ያውጡ፤ ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነው። ቆራሌውን በመጨረሻው ቀን ይጥሩ። ቀኑ ካጠረ ቡፌው በርካሽ ቢሄድ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ነው። መሳቢያዎቹን ሁሉ ስቦ አውጥቶ ለማየት ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኛ ያጣነው ያንን ግማሽ ሰዓት ነበር። አክስቴ ዛሬ በአዲሱ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የባለቤታቸው ፎቶግራፍ የላቸውም።