የጽዳትና የጥበቃ ሥራ በካብላን፦ አገልግሎቱን ያዘዘው ድርጅት ምን ኃላፊነት አለበት?

«እማማ፣ የት ነው የሚሠሩት?»

«ባንክ ነው ልጄ፤ ከማሃኔ ይሁዳ ወጣ ብሎ ያፎ መንገድ ላይ ያለው።»

ቲሉሹ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀቱ ሲታይ ግን የባንኩ ስም የለበትም። ያለው የአንድ የጽዳት ኩባንያ ስም ነው። የካቻምናው ቲሉሽ ሲወጣ ደግሞ ስሙ ሌላ ሆኖ ይገኛል። እማማ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ወለል ነው ሲወለውሉ የኖሩት። አሠሪያቸው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ የሚያውቁት ጠዋት ጠዋት ስልክ የሚደውለውን ኃላፊ ነው፤ እሱንም በመጀመሪያ ስሙ ብቻ።

በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት አንባቢዎች የቀረበ ነው። አንደኛው በካብላን በኩል የሚሠራ ሰው፣ ወይም የእናቱን ቲሉሽ የሚያነብላት ልጅ ነው። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በድርጅቱ ውስጥ የጽዳትና የጥበቃ ውል የሚፈርም ሰው ነው። ዛሬ ከወገኖቻችን መካከል በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡ አሉና ለእነሱም ጭምር ነው።

ነገሩ በውጭው ዓለም

በውጭው ዓለም ይህ ጉዳይ ረጅም ስም አለው፤ «በአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ የሰብአዊ መብት ጥንቃቄና ክትትል» ይሉታል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። አንድ ድርጅት ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዛ፣ ያንን ዕቃ የሠራው ወይም አገልግሎቱን የሰጠው ሰው መብቱ እንዳይነካ አስቀድሞ ማጣራት፣ ጉድለት ሲያገኝ ማስተካከል፣ የተጎዳ ካለም እንዲካስ ማድረግ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በጁን 2011 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በፕሮፌሰር ጆን ራጊ የተዘጋጁትን የመመሪያ መርሆች ያጸደቀው በዚህ መንፈስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2013፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች አለቁ። ልብሱን ያሰፉ የነበሩት የአውሮፓና የአሜሪካ ኩባንያዎች «ፋብሪካው የእኛ አይደለም» ማለት ከበዳቸው። ፈረንሳይ በ2017 ሕግ አወጣች፤ የጀርመን ሕግ በጃንዋሪ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ለአባል አገሮቹ ሁሉ የሚሆን መመሪያ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የአፈጻጸሙን ጊዜ ወደፊት ገፋው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ውጭ አይደለችም። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመርቆ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች ትእዛዝ ሲሰጡበት ቆይተዋል። በ2019 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደነበረ አስፍሯል። ይህን ስንሰማ እናዝናለን። ነገር ግን ሰንሰለቱን ፍለጋ ሐዋሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከማሃኔ ይሁዳ ተነስቶ በእግር እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚደርስ መንገድ ላይ፣ ማለዳ ባልዲ ይዘው የሚገቡ፣ ማታም በር ላይ ቆመው ቦርሳ የሚፈትሹ ወገኖቻችን የዚያው ሰንሰለት መጨረሻ ናቸው።

የ2011 ሕግ

የእስራኤል ክኔሴት በዲሴምበር 2011 «የሥራ ሕጎችን አፈጻጸም የማጠናከር ሕግ» የተባለውን አጸደቀ፤ በጁን 2012 ሥራ ላይ ዋለ። ወቅቱ የካብላን ሠራተኞች ጉዳይ የጋለበት ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2012 ሂስታድሩት ስለ እነሱ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አድርጎ ነበር። ሕጉ የሚመለከታቸው ሦስት ዘርፎች ጽዳት፣ ጥበቃና የምግብ መስተንግዶ ናቸው። ሦስቱም እኛ የምንበዛባቸው ሥራዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የሕጉ ዋና አዲስ ነገር አገልግሎቱን ያዘዘው ወገን፣ በዕብራይስጥ «መዝሚን ሼሩት» የሚባለው፣ ተጠያቂ መሆኑ ነው። ካብላኑ ዝቅተኛውን ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ ፔንሲያን ወይም ሌሎች በሕጉ የተዘረዘሩ መብቶችን ካጎደለ፣ ሕጉ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች መሠረት ሠራተኛው ካዘዘው ድርጅትም ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ ሌላ መንግሥት የገንዘብ ቅጣት ይጥላል፤ አንዳንዱ ጥሰት በወንጀልም ያስጠይቃል። ድርጅቱ ከኃላፊነት የሚድነው «አላውቅም ነበር» በማለት ሳይሆን፣ ጥሰቱን ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ መውሰዱን ሲያሳይ ነው። እርምጃው ሁለት ዋና ነገር አለው፤ ሠራተኛው አቤቱታውን ለድርጅቱ የሚያቀርብበት መንገድ መክፈትና ቲሉሾቹን በየጊዜው በባለሙያ ማስመርመር። እንግዲህ በውጭ አገር በትልልቅ ስብሰባዎች የሚወራው ጥንቃቄና ክትትል እዚህ አገር ለሦስት ዘርፎች ብቻም ቢሆን ሕግ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ዋጋው

ድርጅቶች ምክር ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ ስለ ቅጽና ስለ ፊርማ ነው የሚጠይቁት። ከዚያ በፊት የሚታየው ግን ዋጋው ነው። በእኔ አስተያየት ከጥሰቱ ብዙው የሚወለደው ጨረታው በተከፈተበት ቀን ነው።

ሒሳቡን እንየው። በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 6,247.67 ሼቅል፣ በሰዓት 34.32 ሼቅል ሆኖ ተወስኖ ነበር፤ ሕጉ በየዓመቱ በኤፕሪል እንዲስተካከል ያዛል። በዚህ ላይ ፔንሲያ፣ የስንብት ካሣ (ፒጹዪም)፣ የዓመት ፈቃድ፣ የበዓል ቀን፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሃቭራአ ገንዘብና የአሠሪው የቢቱአህ ለኡሚ ክፍያ ይጨመራል። በጽዳት ዘርፍ በ2014 የወጣው የማስፋፊያ ትእዛዝ ደግሞ ከአጠቃላዩ ሕግ የተሻሉ መብቶች አሉት፤ ለምሳሌ ፔንሲያ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ይጀምራል። ከዚያ ሳሙናው፣ ጓንቱ፣ የኃላፊው ደመወዝ፣ በመጨረሻም የካብላኑ ትርፍ አለ። ታዲያ በዚያን ጊዜ አንድ ካብላን «ሰዓቱን በ38 ሼቅል እሠራለሁ» ቢል፣ የጎደለው ከየት ሊመጣ ነው? ከእማማ ቲሉሽ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ሕጉ ውሉ የደመወዙን ክፍሎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ እንዲይዝ ያዛል። መንግሥትም የአንድ የሥራ ሰዓት አነስተኛ ወጪ ስንት እንደሆነ ያወጣል። ከዚያ በታች የሚፈርም ድርጅት በጎ ፈቃድ አለኝ ቢል ዋጋ የለውም። ከእኛው ወገን አነስተኛ የጽዳት ኩባንያ የከፈቱ አሉ፤ በሐቅ አስልተው ጨረታ ሲገቡ በርካሽ ተጫራች ይሸነፋሉ። እነሱንም የሚጠቅማቸው ያዘዘው ድርጅት ሒሳብ ማወቁ ነው። የጽዳትና የጥበቃ ካብላን ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ስላለበት፣ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማየትም ከፊርማ በፊት የሚደረግ ነገር ነው።

ወረቀትና ጆሮ

ቲሉሾችን የሚመረምረው ባለሙያ «ቦዴቅ ሳኻር ሙስማኽ» ይባላል፤ ለዚህ ሥራ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ነው። ከተወሰኑ ሠራተኞች ቲሉሽ፣ የሰዓት መዝገብና የፔንሲያ ማስረጃ ወስዶ ያስተያያል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጉድለትም ተገኝቶበት ለሠራተኞች ገንዘብ ሊመለስበት ይችላል። ችግሩ ባለሙያው የሚያየው የተጻፈውን ብቻ መሆኑ ነው። አምስት ሰዓት ሠርተው አራት ከተመዘገበ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ፈቃድ ሳይወጡ «ወጥቻለሁ» ብለው በማያነቡት ቋንቋ ከፈረሙም ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት የአቤቱታ ማስታወቂያውን በአማርኛ እንድጽፍለት ጠራኝ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነባሩን የዕብራይስጥ ማስታወቂያ ሳነበው ግን አቤቱታ ለማቅረብ የተሰጠው ስልክ የካብላኑ የራሱ የሥራ ኃላፊ ስልክ ሆኖ አገኘሁት። ማን ደውሎ ማንን ይከሳል? የድርጅቱ ሰዎች ተንኮል አልነበራቸውም፤ ወረቀቱን ካብላኑ አዘጋጅቶ ሰጥቷቸው ለጥፈውታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አቤቱታ አልመጣም፤ እነሱም ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥረውት ነበር።

ድርጅት በእውነት ማጣራት ከፈለገ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ማነጋገር አለበት፤ ኃላፊው በሌለበት፣ በሚሰማቸው ቋንቋ። አስተርጓሚ ሆኖ የኃላፊው ዘመድ ወይም ታዛዥ እንዳይመጣ። አዛውንት እናቶቻችንን ፊት ለፊት «ጥሰት ደርሶብዎታል?» ብሎ መጠየቅም አያዋጣም፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። በባህላችን ሥራ የሰጠን ሰው በማያውቁት ሰው ፊት ማማት ነውር ነው፤ ላይ ደግሞ እንጀራ የመቆረጥ ፍርሃት አለ። «ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሣሉ? ስንተኛውን ባቡር ይይዛሉ? ባለፈው በዓል ቤት ዋሉ? ባለፈው ክረምት ሲታመሙ ተከፈለዎት?» እያሉ ቢጫወቱ ግን እውነቱ ሳይጨነቁ ይወጣል። ከዚያ ከቲሉሹ ጋር ማስተያየት ነው። የነገሩ ባለቤት ስም ለካብላኑ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ደግሞ ያነጋገረው ሰው ግዴታ ነው። በቅን ልቦና የሕግ ጥሰትን በአሠሪው ላይ ያመለከተ ሠራተኛ እንዳይበደል የሚከላከል ሕግ ከ1997 ጀምሮ አለ፤ ቢሆንም ከተባረሩ በኋላ ከመሟገት በፊት መጠበቅ ይሻላል።

ጉድለት ሲገኝ ብዙ ድርጅቶች ቶሎ የሚያስቡት ውሉን መሰረዝ ነው። ይህ ለጋዜጣ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ሠራተኛዋ ግን ገንዘቧንም ሥራዋንም ታጣለች። መጀመሪያ የጎደለው ይከፈል፤ ለካብላኑ ከሚሰጠው ክፍያም ላይ ቢሆን። ከዚያ በኋላ ካብላኑ ይቀየር ከተባለ አዲሱ ነባሮቹን ሠራተኞች ይዞ እንዲቀጥል በውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ካብላን ሲቀየር

ከላይ ያነሣናቸው እማማ የደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ስሙ ሲለዋወጥ «አዲስ ሠራተኛ ነዎት» ተብለዋል። ብዙ ሰው ይህን አምኖ ይቀበላል። የ1963ቱ የስንብት ካሣ ሕግ ግን መብቱን የሚሰጠው በአንድ አሠሪ ዘንድ ወይም በአንድ የሥራ ቦታ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ለሠራ ነው። «ወይም በአንድ የሥራ ቦታ» የምትለዋ ቃል ለካብላን ሠራተኞች ትልቅ ነገር ናት፤ ኩባንያው ቢቀያየርም ቦታው ያው ከሆነ የቆዩበት ዘመን ዝም ብሎ አይሰረዝም። ይኸው ሕግ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር የሚደረግ ስንብትን ከካሣ ለመሸሽ እንደተደረገ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አይደለም የሚል አሠሪ እሱ ያስረዳ።

የሰዓት መዝገብን በተመለከተ ከ2009 ጀምሮ የጸና ማሻሻያ አለ። አሠሪ ቲሉሹን በዝርዝር የመጻፍና የሥራ ሰዓቱን የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ መዝገብ ካላቀረበ፣ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ፣ የማስረዳቱ ሸክም ወደ እሱ ይዞራል። ስለዚህ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በልጅ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ማስፈር ከንቱ ድካም አይደለም። ፊደል ላልቆጠሩም ልጅ ማታ ማታ ይጻፍላቸው።

የት መሄድ ይቻላል?

የሥራ ሚኒስቴር የቁጥጥር ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። በ1991 የተመሠረተው ካቭ ላኦቬድ የሠራተኛ መብት ምክር ይሰጣል። በ2000 የተቋቋመው ጠበቃ የተባለው የቤተ እስራኤል የሕግ ድርጅት መድልዎ ያለበትን ጉዳይ ይመለከታል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ደግሞ ከፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል ጠበቃ እንዲመደብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ስትሄዱ ያሏችሁን ቲሉሾች ሁሉ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ሁኔታ ማስታወቂያ (በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪው በጽሑፍ መስጠት አለበት)፣ የሥራ ቦታው ኃላፊ የላከላችሁን የስልክ መልእክትና የሕንፃውን አድራሻ ያዙ። ካዘዘው ድርጅት መጠየቅ የሚፈልግ ሰው አቤቱታውን በጽሑፍ ለካብላኑም ለድርጅቱም ያቅርብ፤ ግልባጩን ራሱ ዘንድ ያስቀር፤ በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ይካዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ በአጠቃላይ እስከ ሰባት ዓመት ወደኋላ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለዘገየ ደመወዝ የሚጠየቀው ተጨማሪ ካሣ ግን ጊዜው በጣም አጭር ስለሆነ ወራት ሳያሳልፉ ማማከር ያስፈልጋል።