ከምጽዋ ወደብ እስከ ዳህላክ መቃብሮች



የሐበሻን ሂጅራ ታሪክ ለልጆቻችሁ ስታወሩ አንድ ጥያቄ ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ከመካ ወጡ፣ ባሕር ተሻገሩ፣ ከፍትሐዊው ንጉሥ ከነጃሺ ዘንድ ደረሱ ብላችሁ ስትጨርሱ፣ ከልጆቹ አንዱ «መርከቧ የት ነው የቆመችው?» ይላል። ትልልቆቹ ይህን አንጠይቅም። እኛ ትረካውን ከአክሱምና ከነጋሽ እንጀምራለን፤ የባሕሩ ዳር በመሐል ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ አብረን ወደ ባሕሩ እንውረድ፤ በእግር መሄድ ያልቻለ በሐሳብ ይከተለን።

ምጽዋ ከአስመራ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ይወርዳል። ከደጋ ለብሳችሁት የመጣችሁትን ጋቢ በግማሽ መንገድ ታወልቁታላችሁ፤ የምጽዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋልና። ከተማዋ ያለችው በየብስና በሁለት ደሴቶች ላይ ነው፤ አንደኛዋ ጥዋለት፣ ሁለተኛዋ ጥንታዊቷ ባጽዕ ናት። በባሕሩ ላይ በተገነቡ መንገዶች ስለተያያዙ አንዱን ከሌላው ሳትለዩ ልታልፉ ትችላላችሁ። ከባሕረ ሰላጤው ወዲያ ደግሞ የሼኽ ሰዒድ ደሴት አረንጓዴ ሆና ትታያለች።

የአሮጌው ባጽዕ ቤቶች የታነጹት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። የእንጨት መስኮቶቻቸውና በረንዳዎቻቸው በ1557 (እ.ኤ.አ.) የገቡት ቱርኮች፣ በ1865 የተተኩት ግብጾች፣ ከየመንና ከሒጃዝ ተሻግረው የኖሩ ነጋዴዎች ያሳደሩባቸው አሻራ አለባቸው። በ1885 ጣሊያኖች መጡ፤ በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈረሳት፤ በ1990 (በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1982) በተካሄደው ውጊያና ከዚያ በተከተለው የአየር ድብደባ እንደገና ፈረሰች። ከጥይት የተረፈውን የሼኽ ሐነፊ መስጊድን ጨምሮ እነዚህን ሕንጻዎች እየዞራችሁ ስታዩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ የጨው ሥራ ይሁን የጥይት ለመለየት ይቸግራችኋል።

ነገራችን ግን ስለ ሰሐቦች ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገበው፣ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በነቢይነት 5ኛው ዓመት በረጀብ ወር (615 እ.ኤ.አ.) ከመካ በስውር ወጡ። 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ዑሥማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በግመል ሆኖ ሹዐይባ ከተባለው ወደብ ደረሱ። ጂዳ ያኔ የመካ ወደብ አልነበረችም፤ ያደረጓት በኋላ በኸሊፋነታቸው ዘመን ራሳቸው ዑሥማን ናቸው። በሹዐይባ ሁለት የንግድ መርከቦች ቆመው አገኙና በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ያሳደዷቸው ቁረይሾች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ማንንም አላገኙም።

እንግዲህ የመነሻውን ወደብና የመሳፈሪያውን ዋጋ ሳይቀር እናውቃለን። የመድረሻውን ወደብ ስም ግን በኢብኑ ሂሻም ሲራ ውስጥ አታገኙትም። የምጽዋ ሰው «እዚህ ነው የወረዱት» ይላል፤ በወደቡ አካባቢም የሰሐቦች መስጊድ ተብሎ የሚጠራ ትንሽ ሕንጻ ያሳያችኋል። ሰሐቦች የሰገዱበት ቦታ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ለልጆቻችን ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርገን ብንነግራቸው፣ ነገ አድገው መጽሐፍ ሲያገላብጡ የተረጋገጠውንም ጭምር ይጠራጠራሉ። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ ሚሕራብና ሚናራ አለው። ግድግዳ ውስጥ የተቦረቦረ ሚሕራብ ግን በመዲናው መስጊድ የተሠራው ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ የመዲና ገዥ በነበሩ ጊዜ፣ ከ88 እስከ 91 ዓመተ ሂጅራ ባለው ዕድሳት ነው። ስለዚህ ሕንጻው እንዳለ የሰሐቦች ሥራ ሊሆን አይችልም። ቦታው ሊሆን ይችላል ወይ? ይችላል። ምጽዋ ከሒጃዝ ማዶ ያለች መልካም መጠለያ ናት፤ ትውልድ ከትውልድ የተቀበለውን ቃልም አጣጥለን አንጥለውም። ወላሁ አዕለም ብለን እንለፈው።

አንድ ነገር ግን ካርታ አውጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩት ትችላላችሁ። ሰሐቦች ሐበሻ በገቡ ጊዜ ቂብላው ገና ወደ ካዕባ አልተቀየረም፤ የሚሰግዱት ወደ በይተል መቅዲስ ነበር። ማስመሪያችሁን ምጽዋ ላይ አድርጉ። መካ ከምጽዋ በቀጥታ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ወደ ሰሜን ናት፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። በይተል መቅዲስም ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ አዘንብሎ። በዚህ ባሕር ዳር የቆመ ሰጋጅ ወደ ቁድስ ሲዞር የተወለደባትን መካንም ፊት ለፊቱ ያደርጋት ነበር ማለት ነው። መዲና ላሉት ግን ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ነበሩ፤ ቂብላው በተቀየረ ጊዜ ሰዎቹ በሶላት ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ማዞር ነበረባቸው።

ባሕሩን ካነሣን የአስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ባለቤት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን የወለዱት በሐበሻ ምድር ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በነጃሺ መርከቦች ተመልሰው መዲና ሲገቡ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በሐፍሷ ቤት አገኟቸውና፣ ሐበሻዊቷ፣ ባሕረኛዋ እኚህ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል ቢሏቸው አስማእ ዝም አላሉም። ተቆጥተው ክርክሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ አደረሱት። ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተፈረደላቸው። የመርከቧ ሰዎችም ይህን ሐዲሥ ከአንደበታቸው ለመስማት ቡድን ቡድን እየሆኑ ይመጡባቸው እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ሴቶች ልጆቻችሁ «ባሕረኛዋ» የሚለውን ስም ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ።

ከምጽዋ ጀልባ ተከራይቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚቀዝፍ ሰው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዳህላክ ከቢር ይደርሳል። የዳህላክ ደሴቶች ከ100 በላይ ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትልቋ ዳህላክ ከቢር ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። የሰዎቿ ቋንቋ ዳሃሊክ ይባላል፤ ከትግረ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ የራሱ መልክ ያለው መሆኑን የቋንቋ ተመራማሪዎች የለዩት በ1996 ነው። ለስንት መቶ ዓመት ስንነገድባትና ስንሳፈርባት በኖርን ደሴት!

ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ዓሣው ከጀልባው ሆኖ ይታያል። የሚጠጣ ውኃ ግን የለም ማለት ይቀላል። ለዚህም ነው የጥንት ሰዎች የኮራሉን ዐለት እየፈለፈሉ የዝናብ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች የሠሩት። የአካባቢው ሰው ፉርሶች ቆፈሯቸው ይላል፤ ቁጥራቸውም ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ እንዲደርስ፣ 360 ገደማ ነው ይላል። ቆጥሮ ያረጋገጠ ባይኖር እንኳ፣ ለአንድ ጠብታ ዝናብ ይህን ያህል የደከመ ሕዝብ እዚህ ከተማ መሥርቶ እንደነበር አያጠራጥርም።

ኡመዊዮች ደሴቲቱን የያዙት በ702 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ወገን የተነሡ የባሕር ወንበዴዎች ጂዳን ከወረሩ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ሙቀቷንና ጥማቷን አይተው የግዞት ቦታ አደረጓት። ኸሊፋ ሱለይማን አል-አሕወስ የተባለውን የመዲና ገጣሚ ስለ ሰዎች ሚስቶችና ልጆች በሚገጥመው ግጥም ምክንያት ወደዚህ ላኩት። ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ኸሊፋ ሲሆኑ ዘመዶቹ ቢማልዱም አልለቀቁትም። ቀጥሎ የመጣው የዚድ ኢብኑ ዐብዱል መሊክ ገጣሚውን ፈታና በምትኩ ዒራክ ኢብኑ ማሊክን ላከ። ዒራክ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሐዲሥ የሰሙ ታቢዒይ ናቸው፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ስማቸው አለ። ጥፋታቸው ሹማምንቱ ያለ አግባብ የያዙትን ንብረት እንዲመልሱ ዑመርን አጥብቀው መምከራቸው ነበር። የዳህላክ ሰዎች ከአንዱ ግዞተኛ ግጥም፣ ከሌላው ፊቅህ ተማሩ ተብሎ በመጻሕፍት ተጽፏል። የዚድ አስቦት ያላደረገው ውለታ!

የሚያስከብረንን ብቻ መርጠን አናወራም። ዳህላክ የባሪያ ንግድም መናኸሪያ ነበረች። የየመን ታሪክ ጸሐፊው ዑማራ የዳህላክ ገዥ ለዘቢድ ጌቶች በግብርነት ከሚልከው ውስጥ 1,000 ባሪያዎች እንደነበሩበት፣ ግማሾቹም የሐበሻና የኑባ ሴቶች እንደሆኑ ጽፏል። እነዚያ ከእኛው ደጋና ቆላ የተነዱ ናቸው። ከዚህ ባሕር ዳር ቆሞ የሰሐቦችን መምጣት ብቻ የሚያስብ፣ የእነዚህን መሄድ የማያስብ ጎብኚ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። የመከራው ጊዜም በዚያ አላበቃም፤ ጣሊያኖች በ1887 በኖኩራ ደሴት እስር ቤት ከፍተው እስከ 1941 ድረስ ሲቃወሟቸው የነበሩትን በጥማትና በሙቀት ፈጅተውበታል።

አሁን ወደ መቃብሮቹ እንሂድ። በዳህላክ ከቢር መንደር አጠገብ ባለው ሰፊ የመቃብር ስፍራ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፉ፣ ከ200 በላይ ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ተመዝግበዋል። ደሴቲቱ ኮራል ናት፤ ድንጋዮቹ ግን ብዙዎቹ ጥቁር ባዛልት ናቸውና ባሕር ተሻግረው የመጡ መሆን አለባቸው። የቀደሙት በኩፊ ጽሕፈት ተቀርጸዋል፤ በቢስሚላህ ይጀምራሉ፣ የቁርኣን አያ ይከተላል፣ ከዚያም የሟች ስም ከአባትና ከአያት ጋር፣ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ። የሡልጣኖች አለ፤ በ1093 (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሡልጣን አል-ሙባረክ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሌላ መጽሐፍ ፈጽሞ የማያስታውሳቸው ተራ ወንዶችና ሴቶችም አሉ። የዳህላክን ሡልጣኖች ታሪክ ያወቅነው በአብዛኛው ከእነዚህ ድንጋዮች ነው፤ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ኦማን በ1976፣ ፈረንሳዊቷ ማድሌን ሽናይደር በ1983 አሰባስበው አሳትመዋቸዋል። በአማርኛ ግን እነዚህን ጽሑፎች ለቤተሰብ በሚሆን መልክ ተርጉሞ ማቅረብ የሚጠብቀን ሥራ ነው።

ሁሉም ድንጋይ በቦታው አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ አውሮጳውያን መኮንኖችና ተጓዦች እየነቀሉ ወስደዋቸዋል። ዛሬ ጥቂቶቹ ጣሊያን ሞዴና ከተማ፣ ጥቂቶቹ ፈረንሳይ ባር-ለ-ዱክ በሚገኙ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው፤ አስመራ ሙዚየም የገቡም አሉ። አውሮጳ የምትኖሩ አንባቢያን ወደ ሞዴና ቢወስዳችሁ እነዚያን ድንጋዮች ፈልጋችሁ እዩ፤ ስሙን አንብባችሁ ለባለቤቱ ዱዓ አድርጉለት። የተቀበረው ዳህላክ ነው።

ዳህላክ የመሄድ ዕድል የሚያገኝ ደግሞ ውኃ አብዝቶ ይያዝ፤ ጉዞውም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይሻላል። የመቃብሩን ስፍራ በሰላምታ ይግባ። የወደቀ ድንጋይ ካየ አያንሣው፣ አያስተካክለውም፤ የማን መቃብር እንደሆነ የሚታወቀው በወደቀበት ቦታ ሲቆይ ነው።